በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ክሪስታል ስለ መለወጥ
ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር




በነሐሴ ወር 1976 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984፣ አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፒሲ ኤቲ» ብሎ የሰየመውን አዲስ የግል ኮምፒዩተር ለዓለም አስታወቀ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ መሣሪያ አንጎል ኢንቴል በ1982 ያወጣው 80286 የተባለው ፕሮሰሰር ሲሆን፣ 134,000 ያህል ትራንዚስተሮችን የጣት ጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ ያሰባሰበ ነበር። ኩባንያው የወሰነለት የሥራ ፍጥነት በሰከንድ 6 ሚሊዮን ምት፣ በሙያው አነጋገር 6 ሜጋኸርትዝ ነው።

መሣሪያው በደንበኞች እጅ ከገባ ብዙ ሳይቆይ፣ ካቻቢቴ ማንሣት የማይፈሩ ተጠቃሚዎች ክዳኑን ከፍተው ዋናውን ሰሌዳ፣ ማለትም ማዘርቦርዱን፣ መመርመር ጀመሩ። በሰሌዳውም ላይ 12 ሜጋኸርትዝ የሚል ጽሑፍ ያለባትን አንዲት ትንሽ የብረት ዕቃ፣ እንደ ሌሎቹ በብየዳ ሳትያያዝ፣ በሶኬት ብቻ ተሰክታ አገኟት። ይህች ክሪስታል ናት። በእርስዋ ፈንታ ጥቂት ዶላር የምታወጣ የ16 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል በሰኩ ጊዜ ኮምፒዩተሩ በ6 ሳይሆን በ8 ሜጋኸርትዝ ሠራ፤ ባለ 18 የሰኩትም 9 አገኙ። ፕሮሰሰሩን ብቻ ለሚያደክም ሥራ ይህ ማለት ስምንት ሰዓት ይፈጅ የነበረ ስሌት በስድስት ሰዓት፣ ወይም በአምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያልቃል ማለት ነው። ማሽኑ በብዙ ሺህ ዶላር በተገዛበት ዘመን በጥቂት ዶላር የተገኘ የፍጥነት ጭማሪ እንዴት እንደተወራ መገመት አያዳግትም።

ወሬውን ተከትሎ ሁለት ዓይነት አስተያየት ተሰማ። አንደኛው ወገን «ኩባንያው ፍጥነቱን ደብቆብን ኖሯል» ሲል፣ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «በሠሪው የተወሰነን መንካት ማሽኑን ማበላሸት ነው» አለ። ሁለቱም በቺፕ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቁም።

መንገድና ድልድይ ለሚሠሩ ባልደረቦች ነገሩ አዲስ አይሆንም። በአንድ ድልድይ መግቢያ ላይ «ከ20 ቶን በላይ ክልክል ነው» ተብሎ ሲጻፍ፣ 21 ቶን የጫነ መኪና እንደ ወጣ ድልድዩ ይናዳል ማለት አይደለም። ጽሑፉ የሚለው፣ ብረቱ ዝጎ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ መኪናውም በድንገት ፍሬን ይዞ እንኳ 20 ቶን ድረስ የሠራው ሰው በፊርማው ይጠየቃል ነው። የቺፕ ቁጥርም እንዲሁ ነው። 80286 በ5 ቮልት እንዲሠራ ታስቦ ሲሠራ፣ ሠሪው ቃል የሚገባው ግን ኃይሉ በ5 ከመቶ ወርዶ 4.75 ቮልት በደረሰበት፣ ቺፑም እስከ ተፈቀደለት የመጨረሻ ሙቀት በጋለበት ሰዓት፣ ከዚያ ምርት ውስጥ እጅግ ዘገምተኛው ቺፕ እንኳ እንደማይሳሳት ነው። ከዚህ የተሻለ ሁኔታ ላይ ያለ ቺፕ ሁሉ ትርፍ ጉልበት አለው። ክሪስታል ለዋጩ የሚበላው ይህንኑ ትርፍ ነው።

ትርፉ የሚገኝበት ቦታ በናኖ ሰከንድ ይለካል። በእያንዳንዱ ምት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከአንድ ማስቀመጫ ተነሥቶ፣ ብዙ የሎጂክ በሮችን አልፎ፣ የሚቀጥለው ምት ሳይመታ ከሌላው ማስቀመጫ መድረስ አለበት። በ6 ሜጋኸርትዝ የተሰጠው ጊዜ 167 ናኖ ሰከንድ ነው፤ በ8 ወደ 125፣ በ9 ደግሞ ወደ 111 ይወርዳል። ሙቀት ሲጨምርም ሆነ ቮልቴጅ ሲቀንስ ምልክቱ ይዘገያል። የዘገየ ምልክት ደግሞ አደጋ ደርሶበት አይጮኽም፤ ተቀባዩ ማስቀመጫ አሮጌውን እሴት እንደ አዲስ ይወስድና ሥራው ይቀጥላል።

ለመሆኑ 12 የተጻፈባት ክሪስታል ስለ ምን 6 ትሰጣለች? 80286 ከውጭ የሚደርሰውን ምት በሆዱ ውስጥ ለሁለት ስለሚከፍል ነው። ይበልጥ ሊተኮርበት የሚገባው ግን ይኸው ለውጥ ከሦስት ዓመት በፊት በወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ላይ ሊደረግ የማይችል መሆኑ ነው። በ1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም ፒሲ ሰሌዳውን በሙሉ የሚያንቀሳቅሰው በአንዲት የ14.31818 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ነበር። ይህ ምት ለሦስት ሲካፈል 4.77 ሜጋኸርትዝ ሆኖ ለ8088 ፕሮሰሰር ይሰጣል፤ ለአራት ሲካፈል 3.58 ሆኖ የአሜሪካ ባለቀለም ቴሌቪዥን የሚፈልገውን የቀለም ምልክት ያስገኛል፤ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ደግሞ 1.19 ሆኖ የማሽኑን ሰዓት ቆጣሪ ይነዳል። ቁጠባው የሚደነቅ ነው። ሆኖም ያችን ክሪስታል የነካ ሰው ፕሮሰሰሩን ሲያፈጥን የቴሌቪዥኑን ቀለም ያጠፋል፤ ሰዓቱንም እንዲቀድም ያደርጋል። በፒሲ ኤቲ ላይ ግን ንድፍ አውጪዎቹ ሥራውን ለሁለት ክሪስታሎች አከፋፈሉት፤ 14.31818 ለቀለሙና ለሰዓት ቆጣሪው ሲቀር ባለ 12ቷ ለፕሮሰሰሩ ሆነች። ባለ 12ቷ ብትለወጥም ሰዓቱ ትክክል ይቆጥራል፤ ቀለሙም አይናወጥም። እንግዲህ ለውጡን የሚቻል ያደረገው ሶኬቱ ብቻ ሳይሆን ይህ መለያየት ነው።

ሆኖም መለያየቱ ሙሉ አልነበረም። ባለ 12ቷ ክሪስታል የምትነዳው ፕሮሰሰሩን ብቻ አይደለም፤ ተጨማሪ ካርዶች የሚሰኩበትን አውቶቡስም በዚያው ፍጥነት ታስሄዳለች። ፕሮሰሰሩ ከማስታወሻ አንድ ነገር ለማንበብ ሦስት ምት፣ ማለትም 500 ናኖ ሰከንድ ይወስድ የነበረው በ16 ክሪስታል ወደ 375፣ በ18 ወደ 333 ይወርዳል። የማስታወሻ ቺፖቹ ባለ 150 ናኖ ሰከንድ ሲሆኑ፣ ከአንዱ ንባብ እስከ ሌላው የሚያስፈልጋቸው ሙሉ ዙር እንደ ሠሪው ቢለያይም ከ260 እስከ 270 ነው። ስለዚህ በ8 ላይ ምቹ የሆነ ትርፍ አለ፤ በ9 ላይ ግን ሌሎቹ ቺፖች የሚወስዱት ጊዜ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለባለ ስምንት ቢት ካርዶች ተመድቦ የነበረው 1,000 ናኖ ሰከንድም በ8 ወደ 750 ዝቅ ይላል። ከዓመታት በፊት ለፒሲው ተገዝቶ ወደ ኤቲ የተዛወረ ካርድ ይህን መቻል አለመቻሉን የሚያውቀው ራሱ ካርዱ ነው። ያለ ፕሮሰሰሩ እገዛ መረጃ የሚያመላልሰው ዲ ኤም ኤ የተባለው ክፍል በግማሽ ፍጥነት ስለሚሄድ ከ3 ወደ 4 ሜጋኸርትዝ ይወጣል፤ የተፈቀደለት እስከ 5 ስለሆነ ከእርሱ በኩል ሥጋት የለም። ከዚህ ሌላ፣ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ጥቂት ለመጠበቅ ሲሹ ፕሮሰሰሩን በከንቱ የሚያስቆጥሩበት ልማድ ነበራቸው፤ ቆጠራው ሲፈጥን ጥበቃው ያጥራል፤ ዲስኩም ሳይደርስ ይጠየቃል።

ይህ ሁሉ ግን እዚህ ለተሰበሰበው ባለሙያ ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው ከፕሮሰሰሩ ጎን በተለየ ሶኬት የሚሰካውና የነጥብ ቁጥሮችን የሚያሰላው 80287 የተባለው የሒሳብ ቺፕ ነው። የሰሌዳ ጭነት፣ የምሰሶ ማጠፍ፣ የውኃ ፍሰት ስሌት የሚሠራ መሐንዲስ ኤቲን ሲገዛ ይህንን ቺፕ አብሮ ይገዛ ነበር፤ ያለ እርሱ እንዲህ ያለው ሥራ ይጓተታልና። በኤቲ ሰሌዳ ላይ 80287 የሚቀበለው ምት የክሪስታሉ አንድ ሦስተኛ ነው። ከ12 ሲሶው 4 ሜጋኸርትዝ ነው። ከ16 ግን 5.33፣ ከ18 ደግሞ 6 ይሆናል። በዚያን ጊዜ በብዛት ይሸጥ የነበረው 80287-3 የተባለው ዓይነት የተፈቀደለት ፍጥነት 5 ሜጋኸርትዝ ነው። (መለያው 3 ቢልም ፍጥነቱ 3 አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ አሰያየም ስንቱን እንዳሳሳተ ሠሪዎቹ ይጠየቁበት።) እንግዲህ 80286ቱ 8 የተጻፈበት ሆኖ ቢገኝና ክሪስታል ለዋጩ ከደንብ አልወጣሁም ብሎ ቢያምን እንኳ፣ ከጎኑ ያለው የሒሳብ ቺፕ ሠሪው ከፈረመበት ወሰን አልፎ መሥራት ጀምሯል።

ስሕተት ቢፈጠር ማን ያየዋል? ማስታወሻው ጠባቂ አለው። በኤቲ ውስጥ ስምንቱን ቢቶች የሚቆጣጠር ዘጠነኛ ቢት አለ፤ ፓሪቲ ይባላል። አንድ ቢት ቢገለበጥ ማሽኑ ሥራውን አቋርጦ በመስኮቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ይህ ተጠቃሚውን ያበሳጫል፤ ሆኖም ያልታወቀ ነገር የለም። በ80287 ሆድ ውስጥ ግን ማባዛቱንና ማካፈሉን የሚከታተል እንዲህ ያለ ዘብ የለም። አንድ ምልክት ለጥቂት ናኖ ሰከንድ ዘግይቶ በአምስተኛው አኃዝ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ቢገባ፣ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ስሌት ያልፋል፤ አታሚውም በጥሩ ፊደል ያትመዋል። ዜሮ በሦስት ቦታ የተሳሳተ ውጤት ማንም ልምድ ያለው መሐንዲስ ይይዘዋል። በ8 ከመቶ ያነሰ የብረት መጠን ግን ማን ይይዘዋል? ፈጣኑን ማሽን የገዛው ሰው በእጅ ማስላት ከተወ ቆይቷል።

እዚህ ላይ አይ ቢ ኤም ያደረገውን ማንሣት ተገቢ ነው። የክሪስታል ለውጡ ከተስፋፋ በኋላ ኩባንያው በባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ በሚያነበው ቋሚ ፕሮግራም ውስጥ፣ የፍጥነት መመርመሪያ የጨመረበት የኤቲ ዓይነት አወጣ፤ ይህም ማሽን ከ6 ሜጋኸርትዝ በላይ ሲሄድ ካገኘው አይነሣም። ምርመራው እንዴት ተቻለ ቢባል፣ ያችው ያልተለወጠችው የ14.31818 ክሪስታል ናት ምስክሯ። ፕሮሰሰሩ አንድ የቆጠራ ዙር ይዞራል፤ በሌላዋ ክሪስታል የሚነዳው ቆጣሪም በዚያው ጊዜ ምን ያህል እንደ ሄደ ይታያል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አንደኛው ተነክቷል ማለት ነው። ለለዋጩ በር የከፈተው የሁለት ክሪስታሎች አሠራር ለዘበኛውም መብራት ሆነለት።

ኩባንያው ይህን ያደረገው ትልልቆቹ ማሽኖቹ ገበያ እንዳያጡ ነው ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። የንግድ ድርጅት የንግድ ሐሳብ የለውም ማለት የዋህነት ይሆናል። ነገር ግን ከምህንድስና አንጻር ሲታይ በብዙ ሺህ ማሽኖች ላይ የፈረመ ወገን፣ ማን የትኛውን 80287 እንደ ሰካና የትኛውን አሮጌ ካርድ እንዳዛወረ ሳያውቅ ለሁሉም ሊጠየቅ አይችልም። በ1986 አይ ቢ ኤም ራሱ በ8 ሜጋኸርትዝ የሚሄድ ኤቲ አወጣ። በዚያም ላይ የሒሳብ ቺፑ የሚሄደው በ5.33 ነበር፤ ስለዚህ በደንቡ ውስጥ ለመቆየት የሚሻ ሰው 5 ሳይሆን 6 ሜጋኸርትዝ የተፈቀደለትን መስካት ነበረበት። ያው ፍጥነት፣ ያው ቺፕ ነው፤ የተለየው የሚጠየቅበት ሰው ነው።

ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ታሪኩ በሌላ መልክ ተደገመ። በነሐሴ 1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300 ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ይህ ፕሮሰሰር የሰሌዳውን የ66 ሜጋኸርትዝ ምት በ4.5 አባዝቶ በ300 ይሠራል፤ ማባዣው በፋብሪካ የተቆለፈ ነው። ቁልፉን መክፈት ያልቻሉት ሰዎች ሌላ መንገድ አገኙ። ፕሮሰሰሩ ተሰክቶ በሚቆምበት ካርድ ጠርዝ ላይ ቢ 21 የተባለች አንዲት መዳሰሻ አለች፤ ለሰሌዳው «እኔ የ66 ነኝ» ብላ የምትናገር እርስዋ ናት። በቀጭን ፕላስተር ወይም በጥፍር ቀለም ስትሸፈን ዝም ትላለች፤ ሰሌዳውም 100 ሜጋኸርትዝ ይሰጣል። መቶ በ4.5 ሲባዛ 450 ነው። በዚያው ወር የወጣው ውዱ ፔንቲየም ሁለት የሚሠራበት ፍጥነት ይኸው ነበር። ከሴሌሮኖቹም ብዙዎቹ ቻሉት። የቻሉበትም ምክንያት ምስጢር አይደለም፤ ፋብሪካ ቺፖቹን ፈትኖ እንደ ፍጥነታቸው ሲለይ፣ አሠራሩ እየተሻሻለ ሲሄድ ፈጣኖቹ ይበዛሉ፤ ገበያ ግን ርካሹን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፈጣን ሊባል የሚችለው ቺፕ ርካሽ ተብሎ ይታተማል።

ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር ግን በዚህ ጊዜ ታየ። 450 ያልቻለለት ሰው መካከለኛውን እመርጣለሁ ብሎ ሰሌዳውን በ83 ሜጋኸርትዝ ያስኬድ ነበር፤ ዝቅተኛ ስለሆነ ደኅንነቱ የተሻለ ይመስላል። ሐቁ የዚህ ተቃራኒ ነው። የዲስኩ መቆጣጠሪያ የሚሠራበት ፒ ሲ አይ የተባለው አውቶቡስ የተነደፈው ለ33 ሜጋኸርትዝ ነው። ሰሌዳው በ66 ሲሄድ ለሁለት፣ በ100 ሲሄድ ለሦስት ይካፈልና ሁለቱም 33 ይሰጣሉ። በ83 ላይ ግን ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ለሁለት ብቻ ስለሚያካፍሉ አውቶቡሱ 41.5 ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ በ375 ብቻ ሲሄድ ሳይጨነቅ፣ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው መረጃ ይበላሻል፤ ብልሽቱም የሚታወቀው ፋይሉ ከሳምንታት በኋላ ሲከፈት ነው። እንደ 80287ቱ ሁሉ፣ ሁሉም ዓይኑን በፕሮሰሰሩ ላይ ሲያደርግ የተጎዳው ጎረቤቱ ነው።

በሁለቱ ዘመናት መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። የ1984ቱ 80286 በተሠራበት የትራንዚስተር ዓይነት፣ ቺፑ ቢፈጥንም ባይፈጥንም የሚወስደው ኃይል ብዙም አይለዋወጥም ነበር፤ ስለዚህ ክሪስታል ለዋጮቹ ስለ ማራገቢያ አልተጨነቁም። ሴሌሮኑ የተሠራበት ሲሞስ የተባለው አሠራር ግን ኃይል የሚበላው በእያንዳንዱ ምት ነው፤ ፍጆታውም ከፍጥነቱ ጋር ቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ይጨምራል። ለ450 እንዲጸና ተብሎ ከ2.0 ወደ 2.2 ቮልት የተነሣ ሴሌሮን፣ ፍጥነቱ 1.5 ጊዜ፣ የቮልቴጁ ካሬ 1.21 ጊዜ አድጎ፣ ሙቀቱ ከ80 ከመቶ በላይ ይጨምራል።

ስለ ሙቀት ሲነሣ አዲስ አበባን መዝለል አይገባም። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው መጠን ያው ቢሆንም በዚያ መጠን ውስጥ ያለው የአየር ክብደት በሩብ ያንሳል። በባሕር ጠለል ላይ በማሽኑ ሣጥን ውስጥ ሲያልፍ በ15 ዲግሪ የሚሞቅ አየር እዚህ በ20 ዲግሪ ይሞቃል። በደጉ ጊዜ የከተማይቱ ቀዝቃዛ አየር ይህን ይክሰዋል። ማሽኑ በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ተፈትኖ «ይሠራል» ከተባለ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ቢላክ ግን በሐምሌ ብርድ የተገኘው ማስረጃ ለድሬዳዋ ግንቦት አይሆንም። 

በመጨረሻ ኢንቴል በ2011 ባወጣቸው ሳንዲ ብሪጅ የተባሉ ፕሮሰሰሮች ላይ የፕሮሰሰሩን፣ የካርዶቹንና የዲስኩን ምት በሙሉ ከአንድ የ100 ሜጋኸርትዝ ምንጭ እንዲወጣ አደረገ። ምንጩ ከጥቂት ከመቶ በላይ ሲነሣ ሁሉም አብሮ ይናወጣል። የ1981ዱ ፒሲ አሠራር በሠላሳ ዓመቱ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ፍጥነት መጨመር ለሚሻ ደንበኛም ማባዣው ያልተቆለፈ ዓይነት ዋጋው ከፍ ብሎ ተዘጋጀለት። ከዚያ ወዲህ ፕላስተርና የጥፍር ቀለም ሥራ ፈቱ።

ፒሲ ኤቲ ራሱ ዛሬ የሚገኘው ከአሰባሳቢዎችና ከአሮጌ ዕቃ ወዳጆች ዘንድ ነው፤ ክሪስታል የመለወጡ ደስታም አሁንም ለእነርሱ ነው። ደስታውን የሚከለክል ምክንያት የለም። ይሁንና አሮጌ ማሽን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ክዳኑ ከተገጠመ ደግሞ የተለወጠው ካልተለወጠው አይለይም። ሁለተኛው ባለቤት በስሌቱ ላይ ሲተማመን፣ የሠሪው ፊርማ በመጀመሪያው ባለቤት ፒንሳ እንደ ተሰረዘ አያውቅም። ስለዚህ የሚለውጥ ሰው ሠሪው ይሠራው የነበረውን ፍተሻ ተክቶ መሥራት አለበት።

ፍተሻውም ይህን ይመስላል። ለ16 ክሪስታል ቢያንስ 6 ሜጋኸርትዝ የተፈቀደለት 80287 ይሰካ፤ በገበያ ላይ እንዲህ ያለው ካልተገኘ ባለ 12ቷ ትቆይ። አዲሷ ክሪስታል በመሠረታዊ ምቷ የምትሠራ ትሁን፤ በሦስተኛ ድግግሞሽ እንድትሠራ የተዘጋጀች ከሆነች የተጻፈባት ቁጥርና በሰሌዳው ላይ የምትሰጠው አይገናኙም። ከለውጡ በፊት የሒሳብ ቺፑን ለሰዓታት የሚያሠራ አንድ ትልቅ ስሌት በ6 ሜጋኸርትዝ ይሠራና ውጤቱ እስከ መጨረሻው አኃዝ ይታተም። ከለውጡ በኋላ ያው ስሌት ክዳኑ ተገጥሞ፣ በቀኑ ሞቃት ሰዓት፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ይደገም። ክዳን ከፍቶ መፈተን የተለመደ ነው፤ ግን ማሽኑ ክዳኑ ተከፍቶ አይኖርም። የማስታወሻ መፈተሻ ፕሮግራም ብቻውን አይበቃም፤ የሒሳብ ቺፑን አይነካውምና። ሁለቱ ሕትመቶች በአንድ አኃዝ፣ በመጨረሻው እንኳ ቢሆን፣ ከተለያዩ «የማጠጋጋት ነገር ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ይህ ማሽን ያንኑ ፕሮግራም ሺህ ጊዜ ቢሠራ ሺህ ጊዜ ያንኑ መስጠት አለበት።

ሁሉም ካለፈ፣ የተለወጠችው ክሪስታል መጠን፣ የተለወጠችበት ቀንና የለዋጩ ስም በወረቀት ተጽፎ ከማሽኑ ጀርባ ይለጠፍ። የወጣችው ባለ 12 ክሪስታልም አትጣል፤ በፕላስተር ተጠቅልላ ከክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ትጣበቅ፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ያገኛት ዘንድ።